ቮድካ፣ ማርና የመምህሩ ጥቁር ሰሌዳ

ባለፈው ጥር የእህቴ የልጅ ልጅ ዲላ ላይ ስትዳር፣ እኔ ከሙሽሮቹ ይልቅ ያየሁት አሳላፊውን ነው። አዳራሹ ጥግ ላይ ረጅም ባንኮኒ ዘርግተውለታል። ጥቁር ሰደርያ ለብሶ፣ ብልጭልጭ ቆርቆሮ ከትከሻው በላይ እያንቀጫቀጨ መጠጥ ይደባልቃል፤ ወጣቱ ከቦታል። ጉልበቴ የዚያን ቀን እሺ ብሎኝ ነበርና ተነስቼ ጠጋ አልኩ። ልጁ ብርቱካን ላጠ፤ ልጣጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ብርጭቆው አፍ ላይ ጨመቅ ሲያደርገው ያ ሽታ መጣ። አንዲት ቁራጭ ልጣጭ ስንት ዘመን ተሸክማ እንደምትዞር እግዜር ይወቅ። ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ።

የልጅ ልጄ ህሊና አጠገቤ ነበረች። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ "ወንድሜ፣ ካሎሪው ዝቅ ያለው የቱ ነው?" ብላ ጠየቀችው። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወደቀ፣ እንባዬ መጣ፣ ሰው ዞሮ አየን። "እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ፣ ያመመኝ መስሏት። "ምንም አልሆንኩ፤ ዓለም ተገልብጣ ቆማለች ብዬ ነው" አልኳት። እውነቴን ነው። እኔ በዚሁ ከተማ፣ ከዚያ አዳራሽ በእግር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቤት፣ "ካሎሪው ከፍ ያለው የቱ ነው?" እያሉ የሚጋፉ ነጋዴዎችን አስተናግጄ ነው ሰው የሆንኩት።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ሹል ጫማ ቀርቶ ወፍራም ተረከዝ የመጣበት፣ ሴቱ ቀሚሱን ከጉልበት በላይ ያወጣበት፣ ወንዱ ሱሪውን ከታች አስፍቶ መንገድ የሚጠርግበት ጊዜ ነው። ጃንሆይ አሉ። ዲላ በቡና ወቅት የሚያድርባትን ሰው አልጋ አይበቃውም። ከይርጋጨፌና ከጨለለቅቱ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ከጠዋት ጀምረው ይሰለፋሉ፤ የደረቅ ቡና ገለባ ሽታ መጋረጃው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ቢራ ሃምሳ ሳንቲም፣ ጠጅ በብርሌ ስሙኒ ነው። ሳንቲም ሲጎርስ የሚዘፍን የሙዚቃ ሳጥን በከተማው ያለው አንድ ሲሆን፣ እሱም አንድ ዘፈን ላይ ሲደርስ ይንተባተብ ነበር፤ እኛም ዘፈኑን እየተንተባተብን ለመድነው። ዛሬም ያንን ዘፈን ደህና አድርጎ የሚዘፍን ሰው ስሰማ ያጠፋ ይመስለኛል።

የእኔ ቤት ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ነበር። ቡና ቤት ይባል እንጂ ቡና የሚጠጣ ሰው አይገባበትም። ግድግዳው ሰማያዊ፣ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ዘርፌ ቀጭኗ ይሉኛል። ዛሬ ቀጭን ማለት ሙገሳ ነው አሉ። ያኔ ቀጭን ሴት ያየ ሰው "ምን ነካሽ፣ ታመሽ ነበር?" ነበር የሚላት።

እንዴት እዚህ ቤት እንደገባሁ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆቴል ሁለት ዓመት አሳላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚያ ፈረንጆቹ ቮድካውን በዚህም በዚያም እየደባለቁ ሲጠጡ አይ ነበርና፣ ይህን ነገር ዲላ ያስገባሁ ዕለት ንግሥት ነኝ አልኩ። እናቴ የተወችልኝን የአንገት ወርቅ ሸጥኩና አሥራ ሁለት ሳጥን ቮድካ ጭኜ ወረድኩ። ሰው ሲያብድ እንዲህ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ በእኔ ላይ አዛዡ ወንድም ጋሼ ነበር፤ ታላቄ ነው፣ ወሊሶ ሱቅ አለው። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶኝ እንዲህ አለኝ፦ "የቡናው ወቅት እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ። መጥቼ ቤቱ ቆሞ ካገኘሁት መርቄሽ እመለሳለሁ። ካልቆመ ዘግተሽ ወሊሶ ትገቢያለሽ፤ ሰውዬው ቆርጦ ጠይቋል።" ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁ እኔን ይበልጣል። "ቀጭን ናት ብሎም አልናቀሽ" ሲል ጨመረልኝ ወንድሜ፣ ውለታ የዋለልኝ መስሎት።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ የከፈትኩት ለአቶ ሽፋ ነው። አቶ ሽፋ የጨለለቅቱ ቡና ሰብሳቢ ነበር፤ ሆዱ ቀድሞት በበር ይገባል፣ ሳቁ ይከተላል፣ እሱ በመጨረሻ። በእኛ አገር አረቄ እንዴት እንደሚፈተን የማያውቅ የለም፤ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ ማሸት፣ ማሽተት፣ ከዚያ ክብሪት መጫር ነው። አቶ ሽፋ አሸ፣ አሸተተ፤ ምንም የለም። ድጋሚ አሸ። ክብሪት ጫረ። እኔ ሞኟ መጠጡን ከፍሪጅ በበረዶ ቅዝቃዜው አውጥቼለት ኖሮ አልያዘም። ብርጭቆውን በሐዘኔታ ገፋ አደረገልኝ።

"ዘርፌ፣ አታለሉሽ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይቺ ውሃ ናት። ሽታ የላትም፣ እሳት የላትም።"

"ቮድካ እኮ ሽታ የለውም፣ አቶ ሽፋ። ጠባዩ ነው።"

"ሽታ ከሌላት ለምን እከፍላለሁ? ውሃ ቤቴም አለ።"

እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ክንፍ አውጥቶ ዲላን አዳረሰ፤ ዘርፌ ቀጭኗ ወርቋን ሸጣ ውሃ ገዛች ተባለ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሰው ቢራ ቀምሶ ይሄዳል፣ ሳጥኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የወሊሶው ሰውዬ ሚስማር ሲቆጥር በህልሜ አየዋለሁ።

ከጓሮ አንድ ክፍል ውስጥ መምህር ጅግሶ ይኖር ነበር። ቤቱን ስከራይ ከነእሱ ነው የተከራየሁት፤ ቡና ቤት ከመሆኑ በፊት ገብቶ ነበር፣ ውጣ ለማለትም አፍ አልነበረኝም። የኮንጋ ልጅ ነው፣ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል። የሚሲዮን ልጅ ስለሆነ መጠጥ በአፉ አልዞረም። ሸሚዙ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም እንደ አዲስ የተተኮሱ። ስናወራ እሱ "ወይዘሪት ዘርፌ፣ እርስዎ"፣ እኔ "መምህር፣ እርስዎ" እንባባላለን፤ ከበር እስከ በር አሥር እርምጃ የማይሞላ ጎረቤታሞች አምባሳደር መስለን ስንኖር ያየን ይስቅብን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ብርጭቆና ማንኪያ ዘርግቼ መደባለቅ ጀመርኩ። ሽታ ከሌለው ሽታ እሰጠዋለሁ አልኩ። በመጀመሪያ ሎሚና አምቦ ውሃ ጨመርኩበት፤ ንጹሕ ነው፣ ያረካል፣ ግን አፍ ላይ ሳይቆይ ይሄዳል። የብርቱካን ለስላሳ ጨመርኩበት፤ የልጆች ከረሜላ ሆነ። ከዚያ የጌዴኦ ማር አመጣሁ። ማሩ እንደ ድንጋይ ታች ተቀምጦ ቀረ፤ ባማስለው ባማስለው ማንኪያውን ያዘ እንጂ አልሟሟ አለ። መምህር በሩ ላይ ቆሞ ደብተር ሲያርም ያየኝ ኖሯል።

"ማር በቀዝቃዛ አይሟሟም፣ ወይዘሪት ዘርፌ። መጀመሪያ በለብታ ውሃ ይፍቱት።"

በለብታ ፈታሁት። ዝንጅብል ቀጥቅጬ አብሬ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ አቀዘቀዝኩ። ግማሽ ብርቱካን ጨመቅኩበት፣ አንድ መለኪያ ቮድካ ጨመርኩበትና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ ትከሻዬ እስኪዝል ናጥኩት። ቀመስኩ። ያን ቀን ቮድካን አወቅሁት። የራሱ ጠባይ የለውም፤ ከዋለበት ይማራል። ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ታውቃላችሁ፤ ከማርና ከዝንጅብል ጋር የዋለ ቮድካ ግን ጨዋ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጣፋጩ ሲበዛ ይሰለቻል፣ ኮምጣጣው ሲበዛ ፊት ያጨማድዳል፣ ዝንጅብሉ መሀል ገብቶ ያስታርቃቸዋል። መምህርን ይቅመሱ ማለት አልችልም፤ ስለዚህ ቮድካ የሌለበት አንድ ብርጭቆ አዘጋጀሁለት። እኔ ባለ ቮድካውን፣ እሱ ባዶውን እየቀመስን "ሎሚ ያንሰዋል"፣ "ማሩ በዛ" ስንባባል ፀሐይ ጠለቀች። የልጣጩን ነገር ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። መዳፉን ለሚያሸት ሰው መዳፉ ላይ የሚቀር ነገር ያስፈልገዋል ብዬ፣ የብርቱካኑን ልጣጭ ብርጭቆው አፍ ላይ ዙሪያውን አሸሁት።

"ይህ ሁሉ ሆድ ገብቶ ምን ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩት ስንጨርስ፣ ወሬ እንዲረዝም ያህል።

መምህር ደስ አለው። ካሎሪ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረኝ ያኔ ነው፤ ሰውነታችን የሚያነደው ማገዶ የሚለካበት ነው አለኝ። ደብተሩን ገልጦ ደመረ። አንድ መለኪያ ቮድካ መቶ ገደማ ነው፤ ሽታ ባይኖረውም ማገዶ አለው። ማር በማንኪያ ስድሳ፣ ሁለት ማንኪያ ሲሆን መቶ ሃያ። ግማሽ ብርቱካን ሠላሳ። ዝንጅብል ይህ ነው የሚባል የለውም። "ሁለት መቶ ሃምሳ" አለና መነጽሩን አወለቀ። "ይህ ለአቶ ሽፋ ጥሩ አይደለም። ሰውዬው ሁለት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ሰው አውቆ ይጠጣ፤ ይጻፍላቸው።" ትምህርት ቤት የጣለውን ጠርዙ የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ተሸክሞ መጣ፣ ከባንኮኒው በላይ ሰቀለ፣ በዚያ እንደ ዶቃ በሚደረደር የእጅ ጽሑፉ ጻፈ። ቮድካ በሎሚና በአምቦ ውሃ፣ 105 ካሎሪ። ቮድካ በግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 165 ካሎሪ። ቮድካ በማር፣ በብርቱካንና በዝንጅብል፣ 250 ካሎሪ። ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ሰኞ የገበያ ቀን ነበር። አቶ ሽፋ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ገባ፤ ቢራ ሊያዝ አፉን ከከፈተ በኋላ ሰሌዳው ላይ ዓይኑ አረፈ።

"ይሄ ምንድን ነው? ዋጋዋ ነው?"

"አይደለም። ዋጋው ሁሉም ሰባ አምስት ሳንቲም ነው። ይህ ካሎሪ ነው።"

"ካሎሪ ምን ታደርጋለች?"

የመምህርን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ሰውነት የሚያነደው ማገዶ፣ የጉልበት መለኪያ ነው አልኩት። አቶ ሽፋ ዕድሜውን ሙሉ ቡና በሚዛን ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየ፣ ከታች እስከ ላይ አየ፣ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

"ዋጋው አንድ ነው። ይቺኛዋ መቶ አምስት፣ ይቺኛዋ ሁለት መቶ ሃምሳ። ያቺን የሚገዛ ሰው ሚዛን አያውቅም ማለት ነው።" ከዚያ ወደ እኔ፦ "ባለ ሁለት መቶ ሃምሳዋን አምጪ። ለአራታችንም።"

ብርጭቆውን ሲይዝ የልጣጩ ሽታ መዳፉ ላይ ቀረ። በልማዱ አሸ፣ አሸተተ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ "እንግዲህ ይቺ መጠጥ ናት" አለ። እኔ ፍሪጁ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሾፌሩ፣ ጫኙ፣ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ሳይቀር "ሙሉ ካሎሪ" እያለ ያዝዝ ጀመር። ባለ መቶ አምስቱን ለእንግዳ መጋበዝ ንቀት ሆነ፤ አንድ አማች "መቶ አምስት ጋበዘኝ" ብሎ ሽማግሌ ልኳል። እኔን ራሴን "አንቺም ጠጪ እንጂ ዘርፌ፣ ካሎሪ አንሶሻል" ይሉኝ ነበር። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ከግድግዳው ለቀቁ። እጄ ከመናጥ ብዛት ጠነከረ፤ ቆርቆሮው ሦስት ጊዜ ተቀየረ።

መምህር ነገሩን የሰማው ከተማሪዎቹ ነው። ከክፍል እንደወጣ ኖራው ከእጁ ሳይራገፍ መጣ። ገና ሰው አልገባም። ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዳስተሩን ከኪሱ አወጣ።

"እኔ የጻፍኩት ሰው እንዲጠነቀቅ ነው። አቶ ሽፋ ትናንት አምስት ጠጣ። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሥራው ውሸት ሆነ፤ ላጥፋው።"

ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አምባሳደርነቱ ከአፌ ጠፋ። "አንተ ሰው" አልኩት፣ "ይህን ስታጠፋ እኔን ነው የምታጠፋኝ። ወሊሶ ልግባልህ?"

"ወሊሶ ምን አለ?"

አያውቅም ነበር ለካ። ነገርኩት፤ ወንድሜን፣ ወርቁን፣ ሚስማር ነጋዴውን። እየሰማኝ ዳስተሩን በእጁ ሲያገላብጥ ነጭ ሸሚዙ ላይ ኖራ ፈሰሰበት፤ አላራገፈውም። ዳስተሩን ኪሱ መለሰ፣ ጠመኔ አወጣ፣ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል "ከሁለት ብርጭቆ በላይ ለጤና አይበጅም" ብሎ ጻፈ። "ይህ ከሌለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህ ካለ ግን ይቆይ" አለና፣ በር ላይ ደርሶ ዞር ብሎ፣ "ወሊሶ አትግቢ" አለኝ። አትግቢ አለኝ፤ አይግቡ አላለኝም።

የዲላ ሰው ያችን መስመር እንዴት እንዳነበባት ደግሞ ስሙ። ሐኪም ኪኒን ሲያዝ ቁጥር ይናገራል አይደል፤ "መምህሩ ሁለት አዟል" ተባለ። አንድ ጠጥቶ የሚሄደው ሰው መድኃኒት እንዳያጎድል ብሎ ሁለት ይጠጣል። አምስትና ስድስት ይጠጣ የነበረው አቶ ሽፋ ግን ሁለተኛውን ሲጨርስ ብርጭቆውን ይደፋና፣ "ያዘዘልኝን ጨርሻለሁ" ብሎ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባል። ቡና ቤት ያላት ሴት ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሚስቶች ሰላም ይሉኝ ጀመር። የአቶ ሽፋ ሚስት በኮባ ጠቅልላ ቆጮ ከነቅቤው ላከችልኝ፤ ለመምህርም አካፍዪው ብላ።

ወንድም ጋሼ የመጣው በጥር መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርድ በመስኮት አየሁትና ባንኮኒውን ፈጥኜ ወለወልኩ። አቧራውን እያራገፈ ገባ፤ ቤቱ ጢም ብሏል፣ መቀመጫ የለም። ባዶ የቮድካ ሳጥን ገልብጬ ሰጠሁት። ተቀመጠ። ስንት ሳጥን እንደቀረ በዓይኑ ፈለገ፤ ሁለት ብቻ ናቸው። ሰሌዳውን አነበበ፣ ዙሪያውን ሰማ፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳውን አዘዘ። እሱም መዳፉን አሸ፤ ደሙ የነጋዴ ነውና። ጠጣ። ሁለተኛ አዘዘ። ጠጣ። ሦስተኛ ሲል፣ አቶ ሽፋ ከጎኑ ሆኖ፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለት ነው የታዘዘው" አለው። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የከለከለው ሰው አልነበረም፤ ሳቀ። እኔ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"ለወሊሶው ሰውዬ ምን ልበለው?" አለኝ አፉን በመሀረብ እየጠረገ።

"ካሎሪዋ አልሞላም በለው፣ ወንድም ጋሼ።"

መረቀኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ሊሄድ ሲነሳ ሰሌዳውን ደግሞ አየና፣ "ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?" አለ። እኔ ሳላስብ የጓሮውን መጋረጃ አየሁ፤ ከመጋረጃው ጎን ነጭ ሸሚዝ ይታያል። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ ወጣ።

የእሱ የሚሲዮን፣ የእኔም የደብር ዘመዶች በመጋባታችን እስኪስማሙ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው እንጂ፣ ከመምህር ጋር ረጅም ዕድሜ ኖርን፣ አራት ልጅ ወለድን። ቤቱም እስኪያረጅ ቆመ። መምህር ቮድካ አንድ ቀንም አልቀመሰም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን እኔ ባለ ቮድካውን ይዤ፣ እሱ ባዶውን ይዞ ጓሮ እንቀመጥ ነበር። "የእኔ መቶ ሃምሳ ነው፤ በመቶ አንሼ እበልጥሻለሁ" ይለኝ ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።

ይህን ሁሉ ለህሊና እዚያው ባንኮኒ ላይ ነገርኳት። አሳላፊውም እጁን አጣጥፎ ሰማ። ከዚያ "ልጄ፣ ማር ከኩሽና አስመጣ፤ በለብታ ፍታው፣ ዝንጅብሉን አትርሳ" አልኩት። ህሊና እሱ የጨመረውን እያየች በስልኳ ትደምራለች። ጨርሳ ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል። "እማማ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ገደማ ነው" አለችኝ። አያቷ በደብተር የደመረው፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ በስልክም ያው ሆነ።

"አንድ ሌላም ሥራ፤ ቮድካ የሌለበት" አልኩት ልጁን።

"ይሄኛው ለማን ነው?" አለች ህሊና።

"ይሄኛው መቶ ሃምሳ ነው። የአያትሽ ነው።"

ሁለቱንም ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ልጣጩን አፋቸው ላይ እኔው በእጄ አሸሁት፣ መዳፌን አሸተትኩ። መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የእሱን ጠጣሁ። ልጁ ሦስተኛ ልሥራልዎ ሲለኝ ብርጭቆዬን በአፉ ደፋሁት፤ መምህሩ ያዘዘው ሁለት ነው።